የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን ልታጠኑ ነው? አምስት መንገዶች በአንድ ምሳሌ ሲፈተሹ

«ሪካርዶ ላይ ልሠራ ነው» ይላል ተማሪው። ደስ ይላል። ግን ምኑን ነው የምትሠራው? ሐሳቡን በዛሬ ሒሳብ ልትፈትሽ ነው? በ1821 ለምን እንደዚያ እንዳለ ልታጣራ ነው? ደብዳቤዎቹን ልታገላብጥ ነው? ወይስ ሺህ መጽሐፍ ኮምፒውተር ላይ ጭነህ ቃል ልትቆጥር?

እነዚህ አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚፈልጉት ጊዜም፣ ገንዘብም፣ ችሎታም አይገናኝም። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይለይ ይገባበታል። መጽሐፍ ይሰበስባል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል «ጥያቄህ ምንድን ነው?» ሲባል ግራ ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ የመመረቂያ ጥናት ወይም የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ለሚጀምሩ ነው። አምስት የጥናት መንገዶችን በተመሳሳይ መስፈርት አያለሁ። ልዩነታቸው በደንብ እንዲታይ ከላይ ያነሳኋቸውን አራቱን በአንድ ምሳሌ ላይ እሞክራቸዋለሁ፤ አምስተኛው፣ ቃለ መጠይቅ፣ ለቅርብ ዘመን ብቻ ስለሚሆን ሌላ ምሳሌ አለው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌው፦ ሪካርዶ ሐሳቡን የቀየረበት ምዕራፍ

የእንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት የዴቪድ ሪካርዶ ዋና መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው በ1817 ነው። ሁለተኛው እትም በ1819 ተከተለ። በ1821 በወጣው ሦስተኛ እትም ላይ ግን አንድ አዲስ ነገር አለ፤ «ስለ ማሽነሪ» የሚል 31ኛ ምዕራፍ። ሪካርዶ ምዕራፉን የሚከፍተው ሐሳቡን መቀየሩን በግልጽ በመናገር ነው። ቀድሞ ማሽን ለሁሉም፣ ለሠራተኛውም ጭምር ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር። አሁን ግን ሠራተኛው «ማሽን ይጎዳኛል» ብሎ መስጋቱ የስህተት ውጤት እንዳልሆነና ከትክክለኛው የኢኮኖሚ መርሕ ጋር እንደሚስማማ ጻፈ።

ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ባለሀብት 20,000 ፓውንድ አለው። 7,000ው በሕንፃና በመሣሪያ ላይ ውሏል። 13,000ው ሠራተኛ የሚቀጠርበት ነው። ትርፉ 10 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ነው። አንድ ዓመት ላይ ከሠራተኞቹ ግማሾቹን ማሽን እንዲሠሩ ያደርጋል። 13,000ው ከትርፉ ጋር 15,000 ነው፤ ግማሹ 7,500። ስለዚህ እነሱ 7,500 ፓውንድ የሚያወጣ ማሽን ይሠራሉ፤ የቀሩት 7,500 የሚያወጣ ምግብና ሸቀጥ ያመርታሉ። ባለሀብቱ ከዚያ ላይ 2,000ውን ለራሱ ያነሳል። ለሚቀጥለው ዓመት ቅጥር የሚተርፈው 5,500 ብቻ ነው። 13,000 የነበረው 5,500 ሆነ ማለት ነው። የባለሀብቱ ትርፍ አልተነካም። ከቅጥሩ ገንዘብ በተቀነሰው 7,500 ይተዳደሩ የነበሩ ሠራተኞች ግን ሜዳ ላይ ቀሩ።

ይህን ስሌት እርሳስ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ሥሩት። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ እዚህ ላይ ይመለሳል።

በምን እንለካቸው?

ከሁሉም በፊት የምጠይቀው «ጥያቄው የማን ነው?» የሚለውን ነው። «ሪካርዶ ትክክል ነበር ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥያቄው የእናንተ፣ የዛሬ ሰዎች፣ ነው። «ሪካርዶ ለማን መልስ እየሰጠ ነበር?» ካላችሁ ጥያቄው የእሱ ዘመን ነው። ሁለቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው፤ ችግር የሚመጣው ሲቀላቀሉ ነው።

ቀጥሎ ምንጩን እዩ። ምን ማንበብ ያስፈልጋል? እጃችሁስ ይደርሳል? ከዚያ ጊዜና ወጪ፣ ከዚያ ደግሞ የሚጠይቀው ችሎታ ይመጣል። በመጨረሻ፣ መንገዱ በባሕርይው የሚያሳስተው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። እኔ ይህን የመጨረሻውን ከሁሉም አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

1. ሐሳቡን በዛሬ ቋንቋ መልሶ ማዋቀር

እዚህ የድሮውን ሐሳብ ወስዳችሁ በዛሬ ሞዴል ትጽፉታላችሁ። ከዚያ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም የሚለውን ትፈትሻላችሁ። ፈላስፋው ሪቻርድ ሮርቲ በ1984 ይህን ዓይነት ንባብ ከታሪካዊው ንባብ ለይቶ ስም ሰጠው። ማርክ ብላውግ በ1990 ልዩነቱን ወደ ኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ አመጣው።

በምሳሌያችን ላይ ውጤቱ ግሩም ነው። ስዊድናዊው ክኑት ቪክሴል «ሪካርዶ ተሳስቷል» አለ። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ የተፈናቀሉት ሠራተኞች ደመወዝ እንዲወርድ ያደርጋሉ፤ ደመወዝ ሲወርድ ሌላው አሠሪ ይቀጥራቸዋል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ምርት አይቀንስም። ፖል ሳሙኤልሰን ደግሞ በ1989 ባወጣው ጽሑፍ በሒሳብ ተከራክሮ «ሪካርዶ ልክ ነበር!» አለ። ከምዕራፉ መውጣት ጀምሮ ብትቆጥሩ 168 ዓመት አልፏል፤ ክርክሩ ግን ገና ትኩስ ነበር።

ወጪው ትንሽ ነው። መጽሐፉ፣ ወረቀትና ደህና የሒሳብ ችሎታ ይበቃል። የኢኮኖሚክስ ክፍሎችም ይወዱታል፤ በቋንቋቸው የተጻፈ ነውና።

የሚያሳስተው የት ነው? ሰውየው ያላለውን አፉ ላይ ስታደርጉበት። ጆን ሂክስ በ1937 የእንግሊዛዊውን ኢኮኖሚስት የጆን ሜይናርድ ኬንስን ሐሳብ ወደ ሞዴል ቀየረው፤ ከዚያ የመጣው ትውልድ ኬንስን ያወቀው በብዛት በዚያ ሞዴል የሁለት መስመሮች ሥዕል ነው። ሥዕሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ኬንስ በ1936 ስለ እርግጠኝነት መጥፋት የጻፈው ነገር እዚያ ሥዕል ላይ ቦታ አላገኘም። የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ ተመራማሪው ኩዌንቲን ስኪነር በ1969 ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ሰጥቶናል። ሰውየው ቢሰማው «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ብሎ ሊቀበለው የማይችለውን ነገር «እንዲህ ማለቱ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ከሐሳቡ ይህ ይከተላል» ማለት ግን ትችላላችሁ። የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ጽሑፍ የሚያልፈውም የሚወድቀውም ግን እዚያ ላይ ነው።

2. በዘመኑ መካከል አስቀምጦ ማንበብ

ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጥያቄው «ይህን ሲጽፍ ምን እያደረገ ነበር? ለማን እየመለሰ ነበር?» የሚል ነው።

ወደ 1821 እንመለስ። ከ1811 ጀምሮ የእንግሊዝ ሠራተኞች የሽመና ማሽን ይሰብሩ ነበር፤ በ1812 ፓርላማው ድርጊቱን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በ1815 ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው ጦርነት አበቃና ችግሩ ባሰ። በ1817 ጆን ባርተን የሚባል ሰው ማሽን የሠራተኛ ፍላጎትን ሊቀንስ እንደሚችል የሚከራከር አነስ ያለ ጽሑፍ አሳተመ፤ ሪካርዶም በአዲሱ ምዕራፍ ውስጥ ስሙን ያነሳዋል። ሪካርዶ ራሱ በ1819 ፓርላማ ገባ። በዚያው ዓመት ኦገስት በማንችስተር ለተቃውሞ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ተላከ፤ ሰው ሞተ።

አሁን ምዕራፉን ደግማችሁ አንብቡት። ያ የቁጥር ስሌት ሌላ ድምፅ አይኖረውም? ማሽን መስበር በሚያስገድልበት ዘመን አንድ ሀብታም የፓርላማ አባል «ስጋታቸው ስህተት አይደለም» እያለ ነው። ያንኑ ያህል ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሪካርዶ በምዕራፉ መጨረሻ ላይ መንግሥት ማሽንን ያግድ አይልም። አንድ አገር ማሽን ቢከለክል ካፒታሉ ወደ ውጭ ይሸሻል ባይ ነው። በዘመኑ ውስጥ ካላስቀመጣችሁት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ታያላችሁ።

ይህ መንገድ ሰፊ ንባብ ይፈልጋል። በዘመኑ የወጡ አጫጭር ጽሑፎች፣ የፓርላማ ንግግሮች፣ መጽሔቶች። ደስ የሚለው፣ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ሕትመት ብዙው ተቃኝቶ በነፃ ይገኛል። ወጪው ጊዜያችሁ ነው።

በዚህ ውስጥ አንድ ርካሽ ዘዴ አለ፤ እትሞችን ጎን ለጎን ማንበብ። አዳም ስሚዝ ስለ ሥነ ምግባር ስሜቶች የጻፈው መጽሐፍ በ1759 ወጣ። በሞተበት ዓመት በ1790 የወጣው ስድስተኛ እትም ግን ብዙ ተጨምሮበታል። ሰዎች ሀብታምንና ኃያልን ማድነቃቸው ግብረ ገባቸውን እንደሚያበላሽ የሚናገረው ምዕራፍ የመጣው ያኔ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የ1790ውን ስሚዝ፣ ስለ አገሮች ሀብት የጻፈው ዋና መጽሐፉ ከወጣበት ከ1776 በፊት የጻፈው አድርጎ ይጠቅሳል። ስንቱ እንዲህ አድርጓል!

አደጋው መስጠም ነው። አውድ ማለቂያ የለውም። አንድ ክርክር፣ ጥቂት ዓመታት፣ አምስት ስድስት ሰው ብላችሁ አጥር አጥሩ።

3. ቤተ መዛግብት መግባት

በ1943 አየርላንድ ውስጥ፣ ደብሊን አጠገብ ራሄኒ በሚባል ስፍራ፣ አንድ የብረት ሳጥን ተገኘ። ውስጡ ሪካርዶ ለወዳጁ ለጄምስ ሚል የጻፋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ከሞቱ በፊት ስለ ዋጋ ምንነት ሲጽፈው የነበረው ወረቀትም እዚያው ነበር። ጣሊያናዊው ኢኮኖሚስት ፒዬሮ ስራፋ የሪካርዶን ሥራዎች ማዘጋጀት ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ለሕትመት የደረሰውን ሥራ እንደገና አስተካከለው። ቅጾቹ ከ1951 ጀምሮ ወጡ፤ 11ኛው፣ ማውጫው፣ የወጣው በ1973 ነው።

ቤተ መዛግብት ለምሳሌያችን ምን ይጨምራል? ጆን ራምሴ ማካሎክ የሪካርዶ ወዳጅና ተከታይ ነበር። በጁን 1821 ስለ ማሽነሪው ምዕራፍ ቅር ተሰኝቶ ጻፈለት። ሪካርዶም መለሰለት። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ እርጋታ ብቻ ነው የምታዩት። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ግን ያ የሐሳብ ለውጥ በወዳጆች መካከል ምን ያህል እንደከበደ ይታያል።

ወረቀቶቹ የት ናቸው? የኬንስ ካምብሪጅ፣ ኪንግስ ኮሌጅ። የስራፋ እዚያው ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ። የሳሙኤልሰን፣ የኬኔት አሮውና የሮበርት ሶሎው ዱክ ዩኒቨርሲቲ። የሃየክ ስታንፎርድ ባለው ሁቨር ተቋም። የማርክስ የእጅ ጽሑፎች በብዛት አምስተርዳም። የካርል ሜንገር የግል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቶኪዮ፣ ሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቪየናው ሰው መጻሕፍት ጃፓን መሆናቸው ይገርማል፤ ለዚህ ነው ጉዞ ከማቀድ በፊት መፈለግ የሚያስፈልገው።

ወጪው ከሁሉም ይበልጣል፤ ቲኬት፣ ማደሪያ፣ የቅጂ ክፍያ። ጊዜም ይበላል። አንድ ቀን ሙሉ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ስትታገሉ ልትውሉ ትችላላችሁ። ብዙ የንባብ ክፍሎች እስክሪብቶ አያስገቡም፤ እርሳስ ያዙ። ሌላም አለ። ወረቀቱ የተቋሙ ሆኖ የቅጂ መብቱ የወራሾቹ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረጅም ጥቅስ ከማተማችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ማታለያው ደግሞ ዝምታው ነው። ስሚዝ ሊሞት ሲል ወዳጆቹን 16 ቅጽ የሚሆን ጽሑፍ አስቃጥሏል። የተረፈው ወረቀት የሰውየው ሕይወት ሙሉ ሥዕል አይደለም። ወረቀታቸው ተጠብቆ የቆየላቸው ሰዎች ታሪክ በዝቶ ይጻፋል፤ ብዙ ሴቶችና ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውጭ የነበሩ ሰዎች ግን ይረሳሉ።

አቅም ለሌለው መላ አለ። መጀመሪያ የታተሙ ደብዳቤዎችን ጨርሱ። የሪካርዶና የኬንስ ደብዳቤዎች ተዘጋጅተው ታትመዋል፤ የኬንስ ስብስብ ብቻ 30 ቅጽ ነው። ከዚያ የተቋሙን ማውጫ በኢንተርኔት አንብባችሁ ለመዛግብት ባለሙያው ኢሜይል ጻፉ። ሣጥን ቁጥርና ፋይል ቁጥር ጠቅሳችሁ ከጠየቃችሁ ስካን የሚልኩ አሉ። «ስለ ሪካርዶ ያላችሁን ላኩልኝ» ካላችሁ ግን ማንም አይረዳችሁም።

4. መቁጠር

ብዙ ጽሑፍ ሰብስቦ በኮምፒውተር መተንተን ነው። የቃላት ድግግሞሽ፣ ማን ማንን ጠቀሰ፣ የትኛው ርዕስ መቼ ገነነ። ኮድ መጻፍ የሚወድ ሰው እዚህ ይደሰታል። አንድ ሰው አንብቦ ሊያይ የማይችለውን አዝማሚያ ያሳያል።

ወጥመዶቹን ግን ቀድማችሁ እወቁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ሕትመት ላይ በቃል መሐል ያለው «ኤስ» ረጅም ሆኖ ይታተም ነበር፤ «ኤፍ»ን ይመስላል። ኮምፒውተሩ ገጹን ሲያነብ ያምታታዋል። ቃሉን ፈልጋችሁ ስታጡት «አልነበረም» ትላላችሁ። ነበር፤ ማሽኑ ነው ያላየው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቃሉ ራሱ መለወጡ ነው። «ሥራ አጥነት» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም በዛሬ ትርጉሙ የተስፋፋው ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ሪካርዶ በዚያ ስሌት ውስጥ የተፈናቀሉትን «ትርፍ» ሆኑ ነው የሚላቸው። በዛሬ ቃል ከፈለጋችሁት ጉዳዩ ያልነበረ ይመስላችኋል። የዋቢ ቆጠራም ለእሱ ዘመን አይሆንም፤ የዛሬው የግርጌ ማስታወሻ ልማድ ያኔ አልነበረም። ለ20ኛው ክፍለ ዘመን መጽሔቶች ግን በጣም ይሠራል።

ለማሽነሪው ምዕራፍ እኔ ብሆን በፓርላማ ንግግሮች ውስጥ «ማሽነሪ» የሚለው ቃል በየዓመቱ ምን ያህል እንደተነሳ እቆጥርና፣ ጫፍ ላይ የወጡትን ዓመታት በእጄ አነባቸዋለሁ። ቆጠራው የት እንደምትቆፍሩ ይነግራችኋል። መቆፈሩ የእናንተ ነው።

5. ባለታሪኩን መጠየቅ

ሪካርዶን መጠየቅ አይቻልም። ይህ መንገድ ለቅርብ ዘመን ብቻ ነው። ጥቅሙ በወረቀት ያልሰፈረውን፣ የክፍሉን ድባብና የሰዎቹን ግንኙነት መስጠቱ ነው። ጉዳቱ ትዝታ ራሱን እያስዋበ መሄዱ ነው። በ1954 አንድ መጽሔት ላይ የጠቅላላ ሚዛን (ገበያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊመጣጠኑ እንደሚችሉ የሚያሳይ) ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ የላይነል ማኬንዚ በኤፕሪል፣ የአሮውና የዠራር ደብሩ በጁላይ። አሮው በ1972፣ ደብሩ በ1983 ኖቤል ተሸለሙ፤ ማኬንዚ አልተሸለመም። ማን ቀደመ በሚባልበት እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ከትዝታ ይበልጣል። ቃለ መጠይቅ ካሰባችሁ የተቋማችሁን የሥነ ምግባር ፈቃድ ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ባለታሪኮቹም ዕድሜያቸው የገፋ ነውና አታዘግዩ።

ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ጥያቄው የማን ነው | ምንጭ | ጊዜና ወጪ | ችሎታ | የሚያሳስተው |
|---|---|---|---|---|---|
| መልሶ ማዋቀር | የእኛ | የታተመ መጽሐፍ | ከ3 እስከ 6 ወር፣ ወጪ ትንሽ | ሒሳብ | ያላለውን ማስባል |
| በዘመኑ ማንበብ | የእነሱ | መጽሐፍ፣ መጽሔት፣ የፓርላማ ንግግር | ከ6 እስከ 12 ወር፣ ወጪ ትንሽ | ሰፊ ንባብ፣ ቋንቋ | በአውድ መስጠም |
| ቤተ መዛግብት | የእነሱ | ደብዳቤ፣ ረቂቅ | 1 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ወጪ ከባድ | የእጅ ጽሑፍ ማንበብ፣ ትዕግሥት | የጠፋውን መርሳት |
| መቁጠር | ሁለቱም | ዲጂታል ስብስብ | ከ4 እስከ 9 ወር፣ ወጪ እንደ ዳታው | ኮድ፣ ስታቲስቲክስ | የቃል ለውጥ፣ የቅኝት ስህተት |
| ቃለ መጠይቅ | ሁለቱም | ሕያው ሰው | ከ6 ወር በላይ፣ ወጪ መካከለኛ | የመጠየቅ ጥበብ | የትዝታ ማስዋብ |

የወሮቹ ግምት የእኔ ነው፤ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ለሚሠራ ሰው የታሰበ።

ለማን የትኛው?

አንድ ዓመት ብቻ ካላችሁ፣ የጉዞ ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ሁለተኛውን ምረጡ። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት እትም፣ አንድ ክርክር። ከዚህ የሚወጣ የማስተርስ ጽሑፍ አያሳፍርም።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ አማካሪያችሁ ሞዴል ካላየ የማይረካ ከሆነ የመጀመሪያውን ያዙ። ግን አንድ ምዕራፍ ለዘመኑ ስጡ። ታሪክ ክፍል ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኩልታ የበዛበት ጽሑፍ አንባቢ አያገኝም።

ዶክትሬት ላይ ከሆናችሁና ገንዘብ ካገኛችሁ ቤተ መዛግብት ግቡ። ግን የታተመውን ሁሉ ሳትጨርሱ አትሂዱ። ያልተዘጋጀ ሰው ሣጥን ሲከፈትለት የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላ ሰው የማያነበውን ቋንቋ የምታነቡ ከሆነ፣ ያ ከሁሉም የበለጠ ሀብት ነው። ጆሴፍ ሹምፔተር ከሞተ በኋላ በ1954 በወጣው ታላቅ መጽሐፉ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ሊቅ ከቶማስ አኩዊናስ በፊት 500 ዓመት ያህል ባዶ ጊዜ እንዳለ አድርጎ ጽፏል። በዚያ ዘመን በዐረብኛ ስለ ገበያ፣ ስለ ዋጋና ስለ ግብር ሲጻፍ ነበር። ክፍተቱ የነበረው በአንባቢዎቹ ዘንድ ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያንን እየሞሉ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ፈጠሩ። አንድ መጽሐፍ በእናንተ ቋንቋ እንዴት ተተረጎመ፣ ተርጓሚው «ካፒታል»ን ወይም «ዋጋ»ን ምን አለው የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጥሩ ጥናት ይወጣዋል።

ለማሳተም ካሰባችሁ ከ1969 ጀምሮ የሚወጣው «ሂስትሪ ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ» የታወቀ ነው። የአውሮፓ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ መጽሔትም አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመት እትሞች አገላብጣችሁ የትኛውን መንገድ እንደሚያበዙ እዩ።

ገና ካልወሰናችሁ አንድ ሳምንት ስጡት። የማሽነሪውን ምዕራፍ ወይም የምትወዱትን ሌላ አጭር ምዕራፍ ውሰዱ። ሰኞና ማክሰኞ ብቻውን አንብቡትና ስሌቱን ሥሩ። ረቡዕ በዚያው ዓመት ሌላ ሰው የጻፈውን አንድ ነገር አንብቡ። ሐሙስ ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ፈልጉ። ዓርብ በየቀኑ የመጣላችሁን ጥያቄ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ለአማካሪያችሁ ውሰዱት። የትኛው ቀን ላይ ሰዓት ሳታዩ እንደመሸባችሁም ንገሩት።